በሙርሲ መንደር አንድ ፎቶ ስንት ነው?

ደቡብ ኦሞ ውስጥ፣ ጂንካ ከተማ ያደረ ቱሪስት ወደ ሙርሲ የሚሄደው በጠዋት ነው። አስጎብኚዎቹ እንደዚያ ይመክራሉ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፤ አረቄውም ሥራውን ይጀምራል ይላሉ። ላንድክሩዘሩ ከከተማው ወጥቶ ቁልቁለቱን ይወርድና የማጎ ብሔራዊ ፓርክን ያቋርጣል። መኪናው ውስጥ አስጎብኚ አለ፣ መሣሪያ የያዘ የፓርክ ጠባቂም (ስካውት) አለ። መንደሩ ሲደርሱ በሩ ሳይከፈት ሰዉ መኪናውን ይከበዋል። ከንፈራቸው ላይ ሸክላ ያደረጉ ሴቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ነጭ የተቀቡ ልጆች፣ ዱላ የያዙ ጎረምሶች። «ፎቶ! ፎቶ!»

ቱሪስቱ ይመርጣል። አንቺ፣ አንተ፣ ደግሞ ያቺ። የተመረጠው ይቆማል፣ ካሜራው ጠቅ ይላል፣ ብር ይከፈላል። ያልተመረጠው ክንድ ይጎትታል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ይቆይና መኪናው ዞሮ ይመለሳል። ቱሪስቱ ማታ ሆቴሉ ቁጭ ብሎ ፎቶዎቹን እያየ «ቦታው ደስ አይልም፣ ሰዎቹ ገንዘብ ብቻ ነው የሚፈልጉት» ይላል። በየጉዞ ማስታወሻው የምታነቡት ቅሬታ ይኸው ነው።

ይህ ነገር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙም ሳይለወጥ ቀጥሏል። ዋጋው ተቀያይሯል፣ ካሜራው ተቀይሯል፣ መንገዱ ተሻሽሏል። የአንድ ሰዓቱ አጽም ግን ያው ነው። እኔ ደግሞ ስለ ቱሪስትና ፎቶ ሥነ ምግባር ሲወራ ከዚህች አንድ ሰዓት የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ምክንያቱም እዚህ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነው። ማን ምን እንደሚፈልግ አይደበቅም።

መጀመሪያ ሰዎቹን እንወቃቸው። ሙርሲዎች ራሳቸውን ሙን ብለው ነው የሚጠሩት። የሚኖሩት በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል ነው። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ 7,500 ያህል ነበሩ። አንድ መለስተኛ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሳይት ከዚያ የበለጠ ሰው ይይዛል። ከብት ያረባሉ፣ ማሽላ ይዘራሉ። ማሽላውን የሚዘሩት በሁለት መንገድ ነበር። አንዱ በዝናብ፣ ሌላው የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ ዳርቻው ላይ ጥሎት በሚሄደው ደለል። ይህ ደለል ኋላ ስለ ገንዘቡ ስናወራ ይመጣል።

አሁን ወደ ከንፈሩ። ቱሪስት ወደ ሙርሲ የሚሄደው ለሸክላው ነው። ይህን መካድ አይቻልም። አንዲት ልጅ 15 ወይም 16 ዓመት ሲሆናት እናቷ ወይም ሌላ የመንደሩ ሴት የታችኛውን ከንፈሯን ትበሳለች። ቁስሉ እስኪድን እንጨት ይደረግበታል። ከዚያ ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል፤ ምን ያህል እንደሚሰፋም በአብዛኛው ልጅቷ ነች የምትወስነው። ሸክላውን ሴቶቹ ራሳቸው ይሠሩታል። ያገባች ሴት ቀኑን ሙሉ አታደርገውም። ለባሏ ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ ሠርግ ወይም የዱላ ግጥሚያ ሲኖር ታደርገዋለች። ያላገቡ ልጃገረዶች ደግሞ ዘወር ዘወር ሲሉ ያደርጉታል። ባጭሩ የክብር ነገር ነው፣ የጎልማሳ ሴትነት ምልክት።

አስጎብኚ ለቱሪስት የሚነግረው ግን ሌላ ነው። አንደኛው ተረት «የባሪያ ፈንጋዮች እንዳይወስዷቸው ሆን ብለው መልካቸውን ለማበላሸት የጀመሩት ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሸክላው በሰፋ ቁጥር ጥሎሹ ብዙ ከብት ይሆናል» ይላል። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎች ዘንድ እየተመላለሰ ያጠና ሰው ነው። እሱ ሁለቱንም አይቀበልም። ለመጀመሪያው ማስረጃ የለም። ሁለተኛውም ቢሆን ጥሎሹ ከሸክላው ስፋት ጋር አይያያዝም። ተረቶቹ ግን አይሞቱም። ለምን? ለፎቶው መግለጫ ጽሑፍ ይመቻሉ። አንድ አረፍተ ነገር ናቸው፣ ያስደነግጣሉ፣ ያልቃሉ።

ፎቶው ራሱስ እውነት ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ይጠላለፋል። ብዙዎቹ የሙርሲ ፎቶዎች ላይ ሴቶቹ ጭንቅላታቸው ላይ የከብት ቀንድ፣ ቅርጫት፣ ጥርሳጥርስ፣ ቅጠል ደርድረው ይታያሉ። ይህ የአዘቦት አለባበስ አይደለም። የበዓልም አይደለም። የቱሪስት መኪና ሲመጣ የሚደረግ ነው። ቱሪስት ግርግር ካለው ሰው መሀል ለየት ያለውን ይመርጣል። ሴቶቹ ይህን ከማንም ቀድመው ገብቷቸዋል። ስለዚህ ለየት ብለው ይቆማሉ። አንዷ ቀንድ ካደረገች ሌላዋ ቅርጫት ትጨምራለች። ቱሪስቱ «ያልተበረዘ ጥንታዊ ባህል» ብሎ የሚለጥፈው ፎቶ፣ እሱ ራሱ ባመጣው ገበያ የተፈጠረ ነው።

ይህን የሰሙ ሰዎች «እንግዲያው ውሸት ነው፣ ትያትር ነው» ብለው ይናደዳሉ። እኔን አያናድደኝም። ሴትዮዋ ሥራ ላይ ነች። የገበያውን ፍላጎት አይታ እቃዋን አስተካክላለች። መርካቶ ቢሆን ጎበዝ ነጋዴ ይሏት ነበር። የሚያሳዝነው ሌላው ነው። እዚያ ሰልፍ ውስጥ ሸክላ የሌላት ሴት አትመረጥም። ከንፈሯን ያልተበሳች ልጅ፣ ትምህርት ቤት ገብታ ልብስ የለበሰች ልጅ፣ ለካሜራው የለችም። ቱሪስቱ በማያውቀው ቋንቋ፣ በአንድ ጣት ጥቆማ፣ የትኛዋ እውነተኛ ሙርሲ እንደሆነች እየወሰነ ነው።

መንግሥትም እዚህ ላይ ሁለት ልብ ነው። በአንድ በኩል የከንፈር መብሳት «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» ተብሎ ይወገዛል፣ ሙርሲዎች እንዲተዉት ይመከራሉ፣ ይገሠጻሉ። በሌላ በኩል ያ ከንፈር በጉዞ ወኪል ብሮሹር፣ በፖስት ካርድና በሆቴል ግድግዳ ላይ አገር ያስተዋውቃል። ኢትዮጵያ ራሷን «ምድረ ቀደምት» ብላ ስትሸጥ ደቡብ ኦሞ ከመደርደሪያው ፊት ነው የሚቀመጠው። አንዲት የሙርሲ ልጅ ከእነዚህ ሁለት መልእክቶች የትኛውን ትስማ?

ወደ ዋጋው እንምጣ። ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ሙርሲና ስለ ቱሪስት ሲጽፍ የአንድ ፎቶ ዋጋ አንድና ሁለት ብር ነበር። ኋላ 5 ብር ሆነና ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆመ። አስጎብኚዎች ጠዋት ከጂንካ ሲነሱ ቱሪስቱን ዝርዝር ብር ያስይዙታል፣ እስር እስር አድርገው። የተቀደደ ወይም ያረጀ ብር መንደሩ ውስጥ አይወደድም።

ተርተን ያን ሲጽፍ፣ በ1996 ዓ.ም. ማለት ነው፣ አንድ ዶላር ከ9 ብር በታች ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቱሪስቱ ዶላር ይዞ ነው የሚመጣው። በብር የተተመነው የፎቶ ዋጋ እየተጎተተ ቢጨምርም ለእሱ በየዓመቱ ሲረክስ ኖሯል። ማሽላ ለሚገዛው ሙርሲ ግን ማሽላው እየተወደደ ነው። ይህን እያወቁ «ዋጋ ጨመሩብን» ብሎ ማማረር ይከብዳል።

ዋጋው የሚቆጠረው በጠቅታ ነው። ይህ ልማድ የተወለደው በፊልም ዘመን ነው። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነበር የሚያነሳው። ፎቶ አንሺው ይቆጥብ ነበር። ያን ጊዜ «አንድ ጠቅ፣ አንድ ክፍያ» ለሁለቱም ይገባ ነበር። ዲጂታል ሲመጣ ይህ ስምምነት ተበጠሰ። ቱሪስቱ ጣቱን ሲጭን ካሜራው ተከታትሎ አስር ጊዜ ይጮኻል። እሱ አንድ ፎቶ ነው ይላል፤ ጥሩውን መርጬ ሌላውን አጠፋለሁ ይላል። እሷ በጆሮዋ ቆጥራለች። አስር ነው። ጭቅጭቅ። ከዚያ ስልክ መጣ፤ ድምፁ ይጠፋል። ቪዲዮ መጣ፤ ቪዲዮ ስንት ጠቅ ነው? መኪና ውስጥ ተቀምጦ በረጅም ሌንስ የሚሰርቅም አለ። መንደሩ ውስጥ «ኃይለኞች ናቸው፣ ይቆነጥጣሉ፣ እጅ ይይዛሉ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ዓይነቱ የቆጠራ ጠብ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ሒሳቡን ሲከለከል ይጮኻል። ወያላም ይጮኻል።

ተርተን ያስተዋለው ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሁለቱም ወገኖች ተበዘበዝን ብለው ነው የሚለያዩት። ቱሪስቱ «ለገንዘቤ ብቻ ነው የፈለጉኝ» ይላል። ሙርሲዎቹ ደግሞ ለፎቷቸው ብቻ እንደተፈለጉ ያውቃሉ። ቱሪስቶቹ መጥተው አይቀመጡም፣ አይጨዋወቱም፣ አንስተው ይሄዳሉ። ፎቶው ለምን እንደሚፈለግም ግልጽ አይደለም። እዚያ ወስደው ምን ያደርጉታል? ለማን ያሳዩታል? ይህን ጥያቄ ሙርሲዎች ለተርተን ደጋግመው አቅርበውለታል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለፈው ጥያቄ ነው፤ አሁን ኢንተርኔት ካለ በኋላ ደግሞ ይበልጥ ከብዷል።

እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው። ነውሩ ገንዘቡ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸሸው ገንዘቡን ነው፤ «ባህልን መሸጥ»፣ «ቱሪዝም አበላሻቸው» ይባላል። ግን ዋጋ መጠየቅ ሙርሲዎች በዚህ ግንኙነት ውስጥ ያላቸው ብቸኛ ጉልበት ነው። ካሜራው የእነሱ አይደለም። መኪናው፣ የጉዞ ፕሮግራሙ፣ ፎቶው የሚለጠፍበት ገጽ የእነሱ አይደለም። እምቢ ቢሉ መኪናው ቀጣዩ መንደር ጋ ይሄዳል። በእጃቸው ያለው አንድ ነገር «ክፈል» ማለት ነው። ቱሪስቱን የሚያናድደውም ክፍያው ራሱ አይመስለኝም። እሱ ለአውሮፕላን፣ ለላንድክሩዘር፣ ለፓርክ መግቢያ፣ ለሆቴል ሲከፍል አልተናደደም። እዚህ የተናደደው ክፍያው እንግድነቱን ስላራቆተበት ነው። ተቀባይ አስተናጋጅ ያገኘ መስሎት ነበር፤ ያገኘው ሻጭ ነው።

ደግሞም ገንዘቡ የሚፈለግበት ምክንያት አለ። ጥር 2003 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጂንካ ላይ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን በታችኛው ኦሞ ሰፊ የስኳር ልማት እንደሚመጣ ተናገሩ። የኦሞ ኩራዝ ፕሮጀክት ማለት ነው። ከላይ ደግሞ ግልገል ጊቤ ሦስት እየተገነባ ነበር፤ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድቡ ውሃ መያዝ ከጀመረ በኋላ ያ የድሮው የኦሞ ሙላት ቀረ። ሙላቱ ሲቀር ደለሉ ቀረ። ደለሉ ሲቀር የዳርቻው ማሽላ ቀረ። የቀረው ዝናብ ነው፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ ዝናብ የሚያስተማምን አይደለም። ማሽላ ያልበቀለለት ሰው ማሽላ ይገዛል። ለመግዣ ወይ ከብት ይሸጣል ወይ ፎቶ ይነሳል። ከፎቶው ብር አረቄ የሚገዛበትም አለ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አረቄውን ግን ማን እያመጣ እንደሚሸጥ አብሮ ይነገር፤ ከደጋ የሚወርድ ነጋዴ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና መኪናዎቹ ቆሙ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ የውጭ ቱሪስት ቁጥር አሽቆለቆለ። ፎቶ ኃጢአት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ያን ጊዜ ሙርሲዎች ተገላገሉ ማለት አለበት። በሌላ ገቢ ያልተተካ መገላገል ግን ምን ዓይነት ነው?

አሁን ስለ እኛ። «እኛ» ስል አማርኛ የምናነብ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን ወይም ከቴላቪቭ ተነስተን ለሽርሽር ደቡብ ኦሞ የምንወርድ ማለቴ ነው። የሙርሲ ጉብኝት የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ዩቲዩበሩ ይሄዳል፣ የሠርግ ፎቶ አንሺው ይሄዳል፣ በገና ሰሞን አገር ቤት የገባ ዲያስፖራ ከነልጆቹ ይሄዳል። ቲክቶኩ ከሴትዮዋ ከንፈር አጠገብ ፊቱን አጣሞ የሚቀረጽ ጎረምሳ አያጣም። ፈረንጁ ቢያንስ ይከፍላል። የእኛ ሰው ግን «ያገር ልጅ ነኝ እኮ፣ ከእኔም ትጠይቃላችሁ?» ይላል። የዜግነት ቅናሽ መሆኑ ነው።

ሙርሲ ይህን የሚሰማው በሌላ ጆሮ ነው። አካባቢው በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጦር የተያዘ ነው። ከዚያ በኋላ ከደጋ የመጣው ሰው ግብር ሰብሳቢ፣ ወታደር፣ ነጋዴ፣ አልፎም ባሪያ ፈንጋይ ነበር። በዘመናችንም ቢሆን ስለ ደቡብ ኦሞ ሰዎች የምንጠቀምባቸው ቃላት ስድብ እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ከፈረንጁ ጋር ያላቸው ሒሳብ የፎቶ ነው፤ ከእኛ ጋር ያላቸው ግን ቆየት ያለ ነው። ስለዚህ ያገር ልጅነት ዋጋ የሚያስቀንስ አይመስለኝም። እንዲያውም የሚያስጨምር ቢሆን አይገርመኝም።

እኛም እኮ ፎቶ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውን የረሃብ ምስል ቢቢሲ ለዓለም አሳየ። ያ ምስል ብዙ እርዳታ አምጥቷል፤ ሕይወት አትርፏል። ግን ስንት ዓመት ተከተለን? ውጭ አገር ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ በትምህርት ቤት «እናንተ አገር ምግብ አለ?» ተብሎ ያልተጠየቀ ማን አለ? ኮረም ላይ የተቀረጹት ሰዎች ምስላቸው የት እንደሚሄድ የጠየቃቸው አልነበረም። ለዚያ ጊዜ ሰበብ ይገኛል፤ ሰው እየሞተ ነበር። ለቅዳሜ ሽርሽር ግን ያ ሰበብ አይሠራም። ረሃባችን ፊታችን ሆኖ መቅረቱ የሚያንገበግበን ሰዎች፣ የሌላውን ከንፈር ፊቱ አድርገን ስንለጥፍ ቢያንስ ትንሽ ቅር ሊለን ይገባል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 ላይ የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ሰውየው ፈቃድ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም ለሽያጭ ማቅረብ አይቻልም ይላል። አንቀጽ 28 ከዚህ የሚወጡ ነገሮችን ይዘረዝራል። ታዋቂ ሰው ሲሆን፣ ለፍርድ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ በአደባባይ የተደረገ ክንውን ሲሆን። አንቀጽ 29 ደግሞ ምስሉ ያለ ፈቃድ የወጣበት ሰው እንዲቆምለት መጠየቅና ካሳ ማግኘት እንደሚችል ይናገራል። ጥሩ ጠበቃ «ለባህል ጥቅም» የምትለዋን ቀዳዳ ሊጠቀምባት እንደሚችል አልክድም። ግን ሕጉ መነሳትንና መባዛትን ለያይቶ ማየቱን ልብ በሉ። አንዲት ሴት ብሯን ተቀብላ ስትቆም የፈቀደችው መነሳትን ነው። ፎቶዋ በካላንደር ታትሞ እንዲሸጥ ፈቀደች ማለት አይደለም።

የውጭ የፎቶ መሸጫ ድረ ገጾችም ይህን ያውቃሉ። ለማስታወቂያ የሚሸጥ ፎቶ ከሆነ የተነሳው ሰው የፈረመበት ወረቀት ይጠይቃሉ። ወረቀት ከሌለ «ለኤዲቶሪያል ብቻ» (ለዜናና ለጽሑፍ እንጂ ለማስታወቂያ አይደለም) የሚል ምልክት ይለጥፉና ይሸጡታል። እዚያ የሚሸጡ የኦሞ ሸለቆ ፎቶዎችን የፈለገ ሰው ያችን ምልክት አያጣትም። መሸጡ አይቀርም፤ ብሩ ለፎቶ አንሺውና ለድረ ገጹ ነው።

እሺ፣ የጠቅታው ክፍያ ይቅር እንበል፤ ምን ይተካው? ብዙ አስጎብኚ የሚመርጠው የጅምላ ክፍያ ነው። እዚያው ደቡብ ኦሞ ባሉት በሐመርና በካራ ሕዝቦች መንደሮች ይህ የተለመደ ነው። ቡድኑ ሲገባ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ከዚያ እንደ ልብ ማንሳት ይቻላል። ግርግሩ ይቀንሳል፣ ቱሪስቱ ይዝናናል፣ የሚጎትት የለም። የሚያምር መፍትሔ ይመስላል። እኔ ግን እንደሚባለው አልወደድኩትም። በጠቅታ ሲከፈል ብሩ የሚገባው በቆመችው ሴት እጅ ነው። ዛሬ፣ አሁን፣ ከመዳፍ ወደ መዳፍ። ሙርሲ ዘንድ በብዛት የሚነሱት ደግሞ ሴቶች ናቸው። በጅምላ ሲከፈል ብሩን የሚቀበለው ከአስጎብኚው ጋር የሚደራደር ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ወንድ ነው። ከዚያ እንዴት እንደሚከፋፈል ቱሪስቱ አያይም። በዚያ ላይ «እንደ ልብ አንሱ» ማለት እምቢ ማለትን ይገድላል። መንደሩ ተሸጧልና እሷ ፊቷን ብታዞር ውል አፍራሽ ትሆናለች። የማያምረው ሥርዓት ለሴትዮዋ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

ሌላ ዓይነት ምሳሌም አለ። በአሜሪካ አሪዞና የሚኖሩት ሆፒዎች መንደራቸው ውስጥ ፎቶ ማንሳት ከልክለዋል። ቪዲዮም፣ ድምፅ መቅረጽም፣ በእርሳስ መሳልም አይቻልም። እንግዳ ይመጣል፣ ያያል፣ የእጅ ሥራ ይገዛል፣ ካሜራው ግን ቦርሳው ውስጥ ነው። ይህን ማድረግ የቻሉት የራሳቸው የጎሳ አስተዳደር ስላላቸው ነው፤ ሕግ ያወጣሉ፣ ያስከብራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዳርዊን፣ አውስትራሊያ ላይ የወጣው የላራኪያ መግለጫም የነባር ሕዝቦች ቱሪዝም በራሳቸው ውሳኔ መመራት አለበት የሚል ነው። ሙርሲዎች ይህ ሥልጣን የላቸውም። የፓርኩ መግቢያ የእነሱ አይደለም። መንገዱን የሚዘጋና የሚከፍት ሌላ ነው። ስለዚህ «ለምን እንደ ሆፒ አይከለክሉም» ማለት ሥልጣን የሌለውን ሰው ለምን አላዘዝክም ማለት ነው። ቢኖራቸውም ደግሞ ላይከለክሉ ይችላሉ። ያ የእነሱ ጉዳይ ነው።

መሄድ የፈለገ ሰው አይሂድ አልልም። ጂንካ ኮረብታው ላይ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከል ሙዚየም አለ። ከጉብኝቱ በፊት አንድ ከሰዓት እዚያ ያሳለፈ ሰው ቢያንስ በባሪያ ፈንጋይ ተረት አይታለልም። ልጆችን ማንሳት ግን ቢቀር ይሻላል። የፎቶ ብር ለማግኘት መንገድ ዳር ቀኑን የሚውል ልጅ ከብት አይጠብቅም፣ ትምህርት ቤትም አይሄድም። ቪዲዮ ከሆነ ቪዲዮ ነው ብሎ ለብቻው መዋዋል ነው። ከተቻለ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት። የመጀመሪያው ግርግር ሲያልፍ ሴቶቹ ሸክላውን አውልቀው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ ወሬ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ፎቶው ግን አይጀመርም፤ ሸክላውን ካወለቀች ሥራ ጨርሳለች።

ትልቁ ነገር ፎቶው የት እንደሚሄድ መንገር ነው። «ለቤተሰቤ ነው» እና «አንድ መቶ ሺህ ሰው የሚያየው ገጽ ላይ ነው» አንድ ዋጋ የላቸውም። ለሁለተኛው ብዙ ብትጠይቅ ወይም አይሆንም ብትል መብቷ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሲተረጎምላት ነው። አብዛኞቹ ሴቶች አማርኛ አይናገሩም፤ አስጎብኚው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚተረጉመው ዋጋውን ብቻ ነው። በእሱም አይፈረድም። ቲፑን የሚጠብቀው ከቱሪስቱ እንጂ ከሴትዮዋ አይደለም፤ ጥያቄ ባበዛ ቁጥር ደግሞ ሰዓት ይሄድበታል። ስለዚህ «የት እንደምለጥፈው ንገርልኝ፣ እምቢ ካለችም እንዳታባብላት» ብሎ መናገር ያለበት ቱሪስቱ ራሱ ነው፤ ያውም ጂንካ ላይ፣ መኪናው ሳይነሳ፣ ስለ ነዳጅና ስለ ምሳ በሚነጋገሩበት ሰዓት።